ሁለት ነጥብ ከታች

ሰው በእጁ ሥራ ቢኮራ ነውር የለውም። የኩራት ክፋቱ ብቻውን መቀመጥ አለመቻሉ ነው፤ ለሆነ ሰው ካልተነገረ ሆድ ይነፋል። እኔም ሆዴን ሲነፋኝ ጊዜ ለእናቴ ደወልኩና ሦስት ደቂቃ ያህል ኮራሁ። ያቺን ሦስት ደቂቃ ለማስተባበል ሁለት ወር ፈጀብኝ። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙ «ይሄ ሰውዬ ጉረኛ ነው» ብትሉኝ አልቀየምም። ጉረኛ ነኝ፤ ግን በከንቱ አልጎረርኩም።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። የወሎ ልጅ ነኝ። ባሕሩን በጀልባ፣ የመንን በእግሬ፣ ድንበሩን በሆዴ ተስቤ ነው የሳዑዲዋ ጂዛን የገባሁት። መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ ኹባ በምትባለው የድንበር ገጠር ፍየል መጠበቅ ነበር። ፍየሎቹ ከኔ ይሻሉ ነበር፤ እነሱ ቢያንስ ጆሯቸው ላይ ቁጥር ተንጠልጥሎላቸዋል፣ እኔ ግን ወረቀትም ቁጥርም የለኝም። ሰባት ወር አብሬያቸው ከቆየሁ በኋላ ሰብያ ወደምትባለው የገበያ ከተማ ወረድኩና መኪና ማጠብ ጀመርኩ።

ዕድሌ የተከፈተው እዚያ ነው። አንድ ቀን ባለቤቱ ቴፑን ከፍቶ ጥሎልኝ የሄደ መኪና ሳጥብ፣ በሩ ውስጥ ያለው ስፒከር ይንኮሻኮሻል። ለሌላው ሰው ዘፈን ነው፤ ለኔ ግን ጥርሴ ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ነው። አላስችል ቢለኝ የበሩን ሽፋን ፈልቅቄ፣ የላላውን ብሎን በካርቶን ቁራጭ አጥብቄ መልሼ ዘጋሁት። ድምፁ ጥርት አለ። ቀና ስል አንድ ረጅም የመናዊ ቆሞ ያየኛል። ናጂ ይባላል፤ ከፊት ለፊታችን ያለው የመኪና ማስጌጫ ሱቅ ዋና ባለሙያ ነው። ሰው ሁሉ «ሙዐሊም»፣ መምህር፣ ነው የሚለው።

«ያ ሐበሺ፣ ይህን ማን አስተማረህ?» አለኝ።

«ጆሮዬ» አልኩት።

«በል ጆሮህን ይዘህ ነገ ና።»

ይዤው ሄድኩ። እናንተ መኪና ማለት ሰውን ከቦታ ቦታ የሚያደርስ ነገር ይመስላችኋል። የጂዛን ጎረምሳ እንዲህ ቢሰማችሁ ያዝንላችኋል። ከሀሩብ ተራራ የሚወርድ ወጣት ፒክአፑን ሲያመጣልን ባዶ ቆርቆሮ ነው። ሲመለስ መሪው ቆዳ ለብሶ፣ ዳሽቦርዱ ፀጉራም ምንጣፍ ተነጥፎለት፣ መቀመጫው ቀይ ከፋይ ተሸፍኖ፣ መስታወቱ ጠቁሮ፣ በጣሪያው ዙሪያ ዘርፍ ተንጠልጥሎ፣ ከሥሩ ሰማያዊ መብራት እየበራ ነው። የሶፍት ሣጥኗ ሳትቀር ከፋይ ትለብሳለች። ከፋዩንና ዘርፉን የምሰፋው ደግሞ እኔ ነኝ።

ድምፁንማ ተዉት! በሦስተኛው ወር ናጂ ስፒከር አስሮ ሲጨርስ እኔን ይጠራና «ስማው» ይለኛል። ዐይኔን ጨፍኜ አዳምጥና «የግራው ያለቅሳል» እላለሁ። ይፈታል። እውነትም ሽቦው ተላቆ ይገኛል። ሰው ለጉልበቱ ሲፈለግ አይታችኋል፤ ለጆሮው ሲፈለግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ተፈልጌያለሁ። ሳዑዲ ምድር ከረገጥኩ ወዲህ ትከሻዬን ሳያይ የጠራኝ የመጀመሪያ ሰው ናጂ ነው።

እንዲህ ያለው ሱቅ በዐረብኛ «ዚና» ይባላል። ማስጌጫ፣ ማሳመሪያ ማለት ነው። የሙስሊም ጎረቤት ያለው አንባቢ አሁን ምን ሊመጣ እንደሆነ ገብቶት ፈገግ ብሏል። ላልገባው ደግሞ ልንገረው፤ በኛ አገር በሙስሊሙ ዘንድ ዚና ማለት ዝሙት ነው።

ሰዓዳ የምትባል ልጅ አለች። ከመምጣቴ በፊት እናቴ ሽማግሌ ልካላት ነበር። አባቷ ሼህ እንድሪስ ሕፃናት ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ የዐረብኛ ፊደል የተሳሳተ ሲነበብ በእንቅልፋቸውም የሚያርሙ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቹን አክብረው ተቀብለው፣ ቃል ሰጡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ልጁ ሄዶ ሥራ ይያዝ። ትልቅ ሥራ ይሁን አልልም። ሰው 'አማችህ ምን ይሠራል?' ሲለኝ አፌን ሞልቼ የምናገረው ይሁን» አሉ። ፍየል ጥበቃውና መኪና አጠባው አፍ የሚሞላ ስላልመሰለኝ፣ ዓመት ሙሉ ለእናቴ «ደኅና ነኝ» ብቻ እያልኩ ከረምኩ። ናጂ ዘንድ በገባሁ ጊዜ ግን አፍ የሚሞላ ነገር አገኘሁ። ስልኬን አነሣሁ።

«እማ፣ ሥራ ገባሁ!»

«አልሐምዱሊላህ! የት ነው ልጄ?»

«ዚና ቤት።»

«የት?»

«ዚና፣ እማ፣ ዚና! ትልቅ ቤት ነው። ሰብያ ውስጥ የሚስተካከለን የለም።»

እናቴ «ማን አስገባህ?» አለች።

«አንድ የመናዊ። እጄን አይቶ ወደደኝ። አንተ ለዚህ የተፈጠርክ ነህ ብሎኛል።»

«አንተው… ራስህ ነህ የምትሠራው?»

«ከጠዋት እስከ መግሪብ! ለሶላት ብቻ ነው የምናቆመው።»

«ለሶላት» አለች፤ ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር።

«ጎረምሳው ከተራራ ሳይቀር ይመጣል። ባለፈው አንድ ሽማግሌ ልጁን ይዞ መጥቶ፣ ሁለቱም በጣም ተደስተው ነው የሄዱት። ለሼህ እንድሪስ ንገሪልኝ፤ እንዳትረሺ! ዚና ላይ ነው በያቸው።»

መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ነው ብዬ ስልኩን ኪሴ ከተትኩና ወደ ስፒከሬ ተመለስኩ።

«እንዴት አልታወቀህም?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ እኔም ራሴን ብዙ ቀን ጠይቄዋለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ዐረቦቹ ማስጌጫውን ሲጠሩ 'ዚ'ዋን ጎትተው ነው፤ ዝሙቱን ሲጠሩ ደግሞ የኋላዋን 'ና' ነው የሚጎትቱት። ጆሮዬ ይህን ለይቶ አውቆታል። ምላሴ ግን የወሎ ምላስ ነው፤ ሁለቱንም እኩል አድርጎ ይቆርጣቸዋል። ጆሮው የሠለጠነ፣ ምላሱ ያልሠለጠነ ሰው ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከኔ ተማሩ። ለወራት ይህን ቃል በየሱቁ ደጅ ስሰማው ከርሜ፣ የአገሬን ትርጉም ጨርሶ ረስቼዋለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት የአጎቴ ልጅ ይመር ደወለ።

«አንተ፣ በአላህ፣ እውነት ነው?»

«ምኑ?»

«ዚና ላይ ነህ የሚባለው?»

«አዎና!» አልኩ በደስታ። «ማን ነገረህ?»

«ቀበሌው በሙሉ ያውቃል።»

ደረቴ ተነፋ። ሰው አገሩ ላይ ወሬው ሲነሣለት እንዴት ደስ እንደሚል! «ሼህ እንድሪስስ ሰሙ?» አልኩት።

«ሰሙ እንጂ። ከሰሙ ጀምሮ ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም።»

ሰው በደስታ ብዛት እህል ሲያስጠላው ሰምቼ ስለማውቅ «አይ ሼኼ!» ብዬ ሳቅሁ።

«ትስቃለህ?» አለ ይመር፤ ድምፁ ተለወጠ። «ልጄን ለዚና ሠራተኛ አልድርም ብለው ቃላቸውን አጠፉ እኮ! እናትህ ከሰው መቀላቀል ትታለች። ሰኞና ሐሙስ ትጾምልሃለች። ዱዓ ተደርጎልህ ፍየል ታርዷል። አንተ ትስቃለህ?»

ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ የተገለበጠው ያን ጊዜ ነው። ለእናቴ ያልኳትን እያንዳንዷን ነገር አንድ በአንድ አስታወስኩ። ለሶላት ብቻ ነው የምናቆመው። ሁለቱም ተደስተው ነው የሄዱት። ከባስ ሣጥኑ ላይ ቁጭ አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የኔ አፋፍ ላይ አልቆመም፣ ተንከባሎ እናቴ ላይ ወደቀ። ለሰዓዳ ብዬ በከፈትኩት አፍ የሰዓዳን በር ራሴው ዘጋሁት።

ለይመር የቻልኩትን ያህል አስረዳሁት። «መኪና ነው የማስጌጠው! ከፋይ፣ መጋረጃ፣ መብራት፣ ስፒከር!» አልኩት። ይመር አሰበና «ከሆነ ሥራህን በፎቶ ላክ፤ ሰው ይይ» አለኝ። የይመር ስልክ ፎቶ ይቀበላል፤ በአካባቢው እንዲህ ያለ ስልክ ያለው እሱ ብቻ ነው። አሁን አስቡት። ስሜ የሚጸዳው በሥራዬ ከሆነ፣ ከሥራዬ ሁሉ ምርጡን ልልክ ነዋ! ምርጡ ደግሞ የጃቢር ፒክአፕ ነው። ጃቢር የሀሩብ ልጅ ነው፤ ድምፅ የማይጠግብ ጎረምሳ። ከኋላ ወደ ውጭ የዞሩ አራት ጡሩምባ ስፒከሮች፣ ከመቀመጫው ሥር ሁለት ባስ አስሬለታለሁ። ለማስዋቡ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ያን ቀን ሙቀቱ ድንጋይ ያፈላ ስለነበር ሸሚዜን አውልቄ፣ ከኋላ ወንበር ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ የጣሪያውን ዘርፍ ስሰፋ ናጂ ፎቶ አነሣኝ። መብራቱ እንዲታይ አስበርቼዋለሁ። የመኪናው ሽቶም እንዲታይ ብዬ አምስቱንም ጠርሙስ ደረደርኩት።

ላክሁት። በማግስቱ ይመር ደወለ።

«አየነው» አለ።

«ታዲያስ?»

«ቀይ ከፋይ አየን። መጋረጃ አየን። ቀይና ሰማያዊ መብራት አየን። ሽቶ አየን። አንተን ራቁትህን ተንጋለህ አየን። እስካሁን ግማሹ ሰው አላመነም ነበር፤ አሁን ሁሉም አምኗል።»

በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ያሉት ለኔ ነው። «ሰዓዳስ?» አልኩት። «እሷም አየችው?»

«አየችው። ስልኩን ይዛ ብዙ ቆየችና 'ዘርፉን የሰፋው ማነው?' አለች። እሷ ደግሞ የምትጠይቀው ጥያቄ!»

እኔ ነኛ! እዚያው መቆሚያዬ ላይ ዕንባዬ መጣ። ያ ሁሉ ሰው መብራቱንና እርቃኔን ሲያይ፣ ስፌቱን ያየች አንድ ሰው አለች። እንዲህ ያለች ልጅ በአንድ ቃል ምክንያት ከእጄ ልትወጣ ነው ብዬ ሳስብ ነገሩን ሳልተኛበት ለሼህ እንድሪስ ራሴ ልደውል ወሰንኩ።

«አሰላሙ ዐለይኩም ሼኼ።»

«ወዐለይኩም ሰላም» አሉና ዝም አሉ። የወሎ ሼህ ከሰላምታ ቀጥሎ ስለ ጤናህ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ካልጠየቀህ ነገርህ ከባድ ነው ማለት ነው።

«ሼኼ፣ የኔ ዚና ሌላ ነው። ማስጌጥ ማለት ነው።»

«ማስጌጥ የሆነ ዚና አለ፤ አውቀዋለሁ» አሉ። «እሱ ግን ያእ የምትባል ፊደል አለችው። ፊደሉን ታውቃለህ?»

«አላውቅም ሼኼ።»

«ከደጃችሁ ተጽፏል?»

«በትልቁ!»

«በል ቆመህ እያየህ ቅርጹን ንገረኝ።»

በሩን ገርበብ አድርጌ አንገቴን አወጣሁና ወደ ሰሌዳው አንጋጠጥኩ። «መጀመሪያ ማጭድ የመሰለ፣ ከላይ አንድ ነጥብ ያለው።»

«ዛይ ናት። ቀጥል።»

«ከዚያ አንድ ጥርስ።»

«ነጥቧስ? ከታች እይ። ያእ ሁለት ነጥብ ከታች አላት።»

አየሁ። ዐይኔን አጠበብኩት፣ አሸሁት፣ ደግሜ አየሁ። «ከታች ምንም የለም ሼኼ።»

«ቀጥል» አሉ፤ ድምፃቸው ወረደ።

«ሌላ ጥርስ፣ ከላይ አንድ ነጥብ። ከዚያ ክብ ነገር።»

«ዛይ… ኑን…» ብለው ቆጠሩና «አስተግፊሩላህ! ያእዋ የለችም!» አሉ።

«ነፋስ ወስዷት ይሆናል! የጂዛን ነፋስ እኮ እንኳን ነጥብ ቆርቆሮ ይነቅላል ሼኼ!»

«ነፋስ ፊደል አይወስድም» ብለው ዘጉት።

ናጂ ዘንድ ሮጥኩ። የሰሌዳው ሁለት ነጥብ የት እንደገባ ብጠይቀው «ከዓመት በፊት ወድቀዋል» አለኝ ሻዩን እየጠጣ።

«ለጥፋቸው!»

«ለምን? ሰብያ ውስጥ ያለ ነጥብ ማንበብ የማይችል አንተ ብቻ ነህ።»

«ስሜ ነው የጠፋው ሙዐሊም!»

«ስምህ የጠፋው አገርህ ነው፤ ሰሌዳው ያለው እዚህ። ያላ፣ ወደ ሥራህ።»

ራሴ መሰላል ይዤ እንዳልወጣ፣ ጊዜው 2006 ዓ.ም. ነው፤ ፈቃድ የሌለው ሁሉ ይታፈስ ተብሎ ሐበሻው በየአውቶቡሱ የሚጫንበት። ብዙ ጓደኞቼ ጂዛን እስር ቤት ገብተው የሚሄዱበትን ቀን ይጠብቃሉ። እኔ ከሱቁ ውስጥ አልወጣም፤ የምሠራበት መኪና እስከ በሩ ድረስ ገብቶልኝ ነው። እዚያ ሰሌዳ ላይ ወጥቼ ብንጠለጠል የመጀመሪያው የጥበቃ ፖሊስ እንደ በሰለ ማንጎ ይቀነጥሰኛል። ስለዚህ በሁለት ነጥብ ምክንያት ሚስት ያጣ የመጀመሪያው ሰው ሆኜ ቀን መቁጠር ጀመርኩ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዐስር ሶላት ተሰግዶ ገበያው እንደገና ሲከፈት፣ የጃቢር ፒክአፕ መጣ። ኋላውን ወደ መንገዱ አድርጎ አፍንጫውን ሱቁ ውስጥ አስገባ። በዚህ ጊዜ ጃቢር ብቻውን አልነበረም። ከጎኑ አባቱ ተቀምጠዋል። እዚያ አገር ሽማግሌን ሸይባ ይሉታል። ሸይባው በጥምጣማቸው ላይ የበሶብላ ቅጠል ሰክተው፣ ጩቤያቸውን ወገባቸው ላይ ሻጥ አድርገው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው በቀዩ ከፋይ ላይ ተኮፍሰዋል። ፊታቸው ግን ደስተኛ አይደለም።

«ይህን ጩኸት ያሰረው ማነው?» አሉ።

ጃቢር ወደኔ ጠቆመ፤ ጓደኛ እንዲህ ነው።

«ፍታው» አሉኝ። «አሁን። ሁሉንም። ይህ ልጅ ገና ከቁልቁለቱ ሳይወጣ ፍየሎቼ ይደነብራሉ፤ ወተት ነጥፏል። አልወርድም፤ የሚፈታው ዐይኔ እያየ ነው።»

ጃቢር ለመነ፤ ናጂ ለመነ፤ ሸይባው ንቅንቅ አላሉም። ምን ላድርግ? ሚስቴን ማጣቴ ሳይበቃኝ ሥራዬንም በገዛ እጄ ላፈርስ በጀርባዬ ተንጋልዬ ከዳሽቦርዱ ሥር ገባሁ። ሞተሩ አልጠፋም፤ ቴፑም እንደበራ ነው። አራቱ ጡሩምባዎች ወደ መንገዱ ዞረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። መኪናዋን ሠርቼ የጨረስኩ ዕለት ድምፁን ለመሞከር ስልኬን ከቴፑ ጋር በብሉቱዝ አገናኝቼ ነበር፤ ማለያየቱን ረስቼዋለሁ። ቴፑ ግን አልረሳኝም። ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ሲደወል፣ ከአራቱም ጡሩምባ የሰብያ ገበያ እስኪናወጥ ጮኸ። ሸይባው ደነገጡ። ፊት ለፊታቸው አንዲት አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል አዩና፣ ዝም ትል እንደሆነ ብለው በአውራ ጣታቸው ተጫኗት።

«አሰላሙ ዐለይኩም። እንድሪስ ነኝ» አለ መንገዱ።

ብድግ ስል ግንባሬ ከመሪው ዘንግ ጋር ተጋጨ። እግሬ በሽቦ ተተብትቧል። ድምፅ መቀነሻዋን በእጄ ብፈልጋት የማገኘው የሸይባውን ጉልበት ነው።

«ነገ ለሰዓዳ ከሌላ ቤት ሽማግሌ ይመጣል» አሉ ሼህ እንድሪስ በአራቱም ጡሩምባ። «ልጅቷ ግን እምቢ አለች። 'እንዲህ አድርጎ የሚሰፋ ሰው ቀኑን በዚና አያሳልፍም፣ ደግመህ ጠይቀው' አለችኝ። አላህ ፊት እንዳልጠየቅ ደወልኩ። ለመጨረሻ ጊዜ ንገረኝ፤ ዚና ትሠራለህ ወይስ አትሠራም?»

መንገደኛው አማርኛ አያውቅም። ይህችን አንድ ቃል ግን ሼህ እንድሪስ እንደሚገባ፣ በመስጊድ አጠራር፣ የኋላዋን ጎትተው ነው ያሏት። ገበያው በሙሉ ዞሮ አየን። እኔ ከዳሽቦርዱ ሥር ሆኜ «ዚና እሠራለሁ! ዚና ግን አልሠራም!» ብዬ ጮህኩ። ከማዶ መኪና የሚያጥብ አንድ የአገሬ ልጅ ባልዲውን ጥሎ በሳቅ ወደቀ።

ሸይባው ዱላቸውን ወደኔ አዘነበሉ። «በልጄ መኪና ውስጥ ስለ ዝሙት የሚያወራው ይህ ሰው ማነው?»

በሰባራ ዐረብኛዬ ያለኝን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። የማገባት ልጅ አባት ናቸው፤ ዚና ስላቸው ያኛው መሰላቸው፤ ሰሌዳውን አነበብኩላቸው፤ ነጥቡ የለም፤ ነገ ለሌላ ሊድሯት ነው። ሸይባው ሲሰሙ ቆዩና ቀስ ብለው ጥምጣማቸውን አስተካከሉ። ለካ በሀሩብ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ደም የሚያደርቁ ሰው ኖረዋል። ቴፑን እንደ ሰው ፊት ለፊት አዩትና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የጂዛን ሰው 'አል' በሚባልበት ቦታ 'አም' ይላል፤ እሳቸው ግን ያን ጊዜ 'አም'ን ትተው በጠራው በመስጊዱ ዐረብኛ ሰላምታ አቀረቡ።

ሼህ እንድሪስ በዚያው ዐረብኛ መለሱ። ከዚያ ስለ ጤና ተጠያየቁ። ስለ ዝናብ። ስለ ከብት፤ የሁለቱም ፍየሎች ደኅና ናቸው። እኔ በሽቦ ታስሬ ተንጋልዬ፣ ገበያው ቆሞ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከባሕር ማዶና ከባሕር ወዲህ ስለ ማሽላ ያወራሉ። በመጨረሻ ሼህ እንድሪስ ጠየቁ። «በሰሌዳው ላይ ያእ አለች?»

ሸይባው ከመኪናው ወረዱ። ከፒክአፑ ኋላ ዞረው ወደ ሰሌዳው አንጋጠጡ። ዱላቸውን አንሥተው በየፊደሉ ሥር እየጠቆሙ ሄዱ፤ ዱላቸው አንድ ቦታ ቆመ። ተመልሰው መጥተው፣ አንገታቸውን በመስኮቱ አስገብተው ለቴፑ መሰከሩ።

«ነጥቦቹ ወድቀዋል። የሙጫቸው ምልክት ግን አለ። ሁለት ክብ፣ ከታች።»

«ሁለት?»

«ሁለት። ከታች። አላህ ምስክሬ ነው።»

ለወራት በዚያ በር የወጣሁ የገባሁ እኔ፣ ይህን ያየሁ መስሏችሁ ነበር? ናጂ እንኳ አንገቱን ደፋ።

ሼህ እንድሪስ በረጅሙ ተነፈሱ። «የልጁ ሥራስ እንዴት ነው?» አሉ። «መልካም ሠራተኛ ነው?»

የተጠየቁት ሥራዬን ሊያስፈቱ የመጡ ሰው ናቸው፤ በአላህ ስም ምስክርነት ጀምረዋል፤ አይዋሹም። ሸይባው ልጃቸውን አዩ፣ ከፋዩን አዩ፣ እኔን ከዳሽቦርዱ ሥር አዩኝ።

«ድምፅህን የምሰማው እሱ ባሰረው ነው» አሉ። «ባሕር በመካከላችን ሆኖ፣ ከጎኔ ተቀምጠህ የምታወራኝ መስሎኛል። ጩኸቱን አልወደውም። እጁ ግን እጅ ነው።»

እንዲህ ተባልኩ። በሰብያ ገበያ መሐል፣ በአደባባይ፣ ተሸሽጌ በኖርኩበት ደጅ ላይ። ሽቦውን ከእግሬ አላቅቄ ተነሣሁና ከመሪው ጀርባ ቁጭ አልኩ። ያ በሳቅ የወደቀው ልጅ ሁለት ሦስት ያገሬን ሰዎች ጠርቶ ከማዶው ቆመዋል፤ ከየት እንደወጡ እንጃ፣ በዚያ ሰሞን በቀን የማይታዩ ሰዎች ናቸው። ናጂ «ቀንሰው፣ ጥበቃ ይመጣል» ብሎ በምልክት ነገረኝ። እውነቱን ነው። ድምፅ መቀነሻዋ አሁን ከጣቴ ሥር ናት።

«ልጄ፣ አለህ?» አሉ ሼህ እንድሪስ በአማርኛ።

«አለሁ ሼኼ።»

ምራቃቸውን ሲውጡ በአራቱም ጡሩምባ ተሰማኝ፤ ሽቦው አላለቀሰም፣ ባሱ አልተንኮሻኮሸም። «ያለ ጥፋትህ ስምህን በክፉ አንሥቻለሁ» አሉ። «እናትህንም አስለቅሻለሁ። ሰዓዳ ያንተው ናት። አፉ በለኝ ልጄ።»

ትልቅ ሼህ ለኔ ቢጤ አፉ በለኝ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ወዲያው አፉ ማለት ነበረብኝ፤ ወግ ነው። እኔ ግን ወደ ማዶ አየሁ፤ ባልዲ የያዙት ልጆች አንገታቸውን አስግገው ያዳምጣሉ። መቀነሻዋን ያዝኳትና እስከ መጨረሻው ወደ ከፍታው አዞርኳት።

«ሼኼ፣ መስመሩ ይቆራረጣል፤ አልሰማሁም» አልኩ። «እስቲ ይድገሙልኝ።»

ደገሙልኝ።